ጎተራ የሌላቸው ህዋሳት

አጎቴ በሚያዝያ ቀትር፣ ጋቢ ደርበው መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ሲቆሙ ባየኋቸው ጊዜ ወባ የያዛቸው መስሎኝ ነበር። የወር መድኃኒታቸውን የሚወስዱት ሁልጊዜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ በሥራ ቀን ከኮተቤ ሁለት ታክሲ ቀይረው መምጣታቸው ራሱ ደህና ነገር አልመሰለኝም። ደንበኞቹ እስኪወጡ ድረስ ጥግ ላይ ካለችው ወንበር ተቀምጠው ጠበቁ፤ ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሎ እያየሁት ጋቢውን ግን ከደረታቸው አላላሉትም። በመጨረሻ ሁለታችን ብቻ ስንቀር፣ "ልጄ፣ እዚህ ጋ አንድ ነገር አለብኝ" አሉና በጋቢው ላይ እንዳሉ ደረታቸውን ነካ አደረጉ። ልብዎን ነው ወይ ጋሼ ብዬ ብጠይቃቸው፣ ልባቸው ደህና መሆኑን ነግረውኝ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ወደ መደርደሪያው እያዩ፣ "በስልሳ ስድስት ዓመቴ እንደ ኮረዳ አጎጠጎጥኩ" አሉኝ።

ቀልዱ የእሳቸው ነው፤ እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ሁለቱም ጡቶቻቸው ከጫፉ ሥር እንደ ትንሽ ሎሚ ጠንክረው አብጠዋል፤ ሸሚዝ ሲነካቸው ያማቸዋል፤ ጋቢው ያንን መሸፈኛ ነበር። ካንሰር ነው ብለው ፈርተው ለሁለት ሳምንት ያህል ለማንም ሳይናገሩ ከቆዩ በኋላ፣ ጸበል ሄደው ሦስት ቀን ተጠምቀዋል። ከዚያ በራሳቸው ግምት ጥፋቱን ከልብ ድካም መድኃኒቶቻቸው በአንዱ ላይ ጥለው፣ ትንሿን ኪኒን ከሌሎቹ ለይተው መዋጥ ካቆሙ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። ግምታቸው ትክክል ነበር፤ ኪኒኗ ስፓይሮኖላክቶን ናት። ያቋረጧትም በራሳቸው ፈቃድ ስለነበር፣ የሱሪያቸውን እግር ከፍ ሲያደርጉልኝ ቁርጭምጭሚታቸው አብጦ የካልሲው ላስቲክ ሥጋው ላይ ቦይ ሠርቶ ነበር።

ያችን ኪኒን በእጄ ቆጥሬ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ስለ ፖታሲየም ነግሬያቸዋለሁ፤ የደም ምርመራ እንዳይቀርባቸው አስጠንቅቄያቸዋለሁ፤ ሽንት ስለምታመላልስ ጠዋት ቢውጧት እንደሚሻል አስረድቻለሁ። ጡት ልታሳብጥ እንደምትችል ግን አልነገርኳቸውም። ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ በ1999 (እ.ኤ.አ.) የታተመውና ስፓይሮኖላክቶን በከባድ የልብ ድካም ሕሙማን ላይ የሚደርሰውን ሞት በ30 በመቶ እንደሚቀንስ ያሳየው ጥናት፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት ወንዶች 10 በመቶው የጡት ማበጥ ወይም ሕመም እንደገጠማቸው፣ ሳይወስዱ ከቀሩት ግን 1 በመቶው ብቻ እንደሆኑ በግልጽ አስፍሯል። ከአሥር ወንድ አንዱ ማለት ነው። ነገር ግን ለአጎቴ እንዲህ ያለውን መናገር ነውር መስሎ ታየኝ፤ ይሉኝታዬ ሕክምናቸውን አቋረጠ ብል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ ቀን ወዲህ መደርደሪያዬን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። ከእነዚህ ሣጥኖች ውስጥ ስንቶቹ፣ ለሌላ ሕመም ተሠርተው ሳለ፣ በዘር ፍሬ ውስጥ ቴስቶስትሮን የተባለውን የወንድ ሆርሞን የሚያመርቱትን ህዋሳት ይነካሉ? ትምህርት ቤት ለፈተና ያጠናሁትን ነገር እንደገና ከመጀመሪያው ማንበብ ግድ ሆነብኝ።

ህዋሳቱ የሚጠሩት እ.ኤ.አ. በ1850 በገለጻቸው በጀርመናዊው ፍራንዝ ላይዲግ ስም ነው። በዘር ፍሬ ውስጥ ስፐርም የሚመረትባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች እንደ ተጠቀለለ ክር ተጣጥፈው ተቀምጠዋል፤ ላይዲግ ህዋሳት ያሉት በቱቦዎቹ ውስጥ ሳይሆን በመካከላቸው ባለው ክፍተት፣ ከጥቃቅን የደም ሥሮች አጠገብ ነው። ላይዲግ ቅርጻቸውን እንጂ ሥራቸውን አላወቀም። የሚገርመው፣ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በዚያው በጀርመን፣ በጎቲንገን ከተማ፣ አርኖልድ በርቶልድ ወጣት አውራ ዶሮዎችን አኮላሽቶ፣ የአንዳንዶቹን ፍሬ ወደ ሆዳቸው መልሶ ሲያስገባ፣ ፍሬው የተመለሰላቸው ዶሮዎች እንደ ወትሮው ሲጮኹና ሲደባደቡ፣ አናታቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋም ሲያድግ ተመልክቶ ነበር። ነርቩ ተቆርጦ ሳለ ሥራው ከቀጠለ፣ መልእክቱ የሚጓዘው በደም ነው ማለት ነው። ሁለቱ ግኝቶች ግን ለረጅም ጊዜ ሳይገናኙ ቀሩ።

የዚህን ህዋስ ጉልበት ለመገመት አንድ ቁጥር ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1935 በአምስተርዳም የኤርንስት ላከር ቡድን ቴስቶስትሮንን ለመጀመሪያ ጊዜ አጥርቶ ሲያወጣ፣ ከ100 ኪሎ ግራም ያህል የኮርማ ዘር ፍሬ ያገኘው 10 ሚሊ ግራም ገደማ ብቻ ነበር። ጤነኛ ጎልማሳ ወንድ ከዚህ የሚበልጠውን ክፍል፣ ከ5 እስከ 7 ሚሊ ግራም ያህል፣ በየቀኑ ያመርታል። የደች ተመራማሪዎች ከዚያ ሁሉ ሥጋ ያን ያህል ጥቂት ያወጡበት አንዱ ምክንያት ላይዲግ ህዋሳት ጎተራ ስለሌላቸው ነው። ቆሽት ኢንሱሊን አከማችቶ ይቆያል፤ እነዚህ ግን ትእዛዝ ሲመጣ ብቻ ይሠራሉ፣ የሠሩትንም ወዲያው ወደ ደም ይለቃሉ።

ትእዛዙ የሚመጣው ከሩቅ ነው። ሃይፖታላመስ የሚባለው የአንጎል ክፍል በግምት በየአንድ ሰዓት ተኩሉ አጭር ምልክት ይልካል፤ ከአንጎል ሥር የተንጠለጠለችው ፒቱታሪ ዕጢ ምልክቱን ስትቀበል ኤልኤች የተባለውን ሆርሞን ወደ ደም ትለቃለች፤ ኤልኤች ላይዲግ ህዋስ ደጅ ደርሶ ሲያንኳኳ ምርቱ ይጀመራል። ጥሬ ዕቃው ብዙዎቻችን በክፉ ብቻ የምናውቀው ኮሌስትሮል ነው። አንድ ፕሮቲን ኮሌስትሮሉን የህዋሱ ኃይል ማመንጫ ወደሆነው ሚቶኮንድሪያ ውስጠኛ ክፍል ያሻግራል፤ እዚያ አንድ ኤንዛይም፣ ማለትም ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን፣ ጅራቱን ይቆርጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ከኤንዛይም ወደ ኤንዛይም እየተቀባበለ፣ እንደ ጠላ ጥንስስ ደረጃውን ጠብቆ፣ ቴስቶስትሮን ይሆናል። አንጎልም በደም ውስጥ ያለውን መጠን እየለካ ትእዛዙን ያበዛል ወይም ይቀንሳል። ስለዚህ መድኃኒት ይህን ሥራ ሊያቆም ቢፈልግ ሦስት መንገድ አለው፤ ህዋሱን መግደል፣ ጥንስሱን መሀል ላይ ማቋረጥ፣ ወይም ትእዛዙን ከላይ ማስቀረት።

መግደሉ እምብዛም አይታይም። ተመራማሪዎች በአይጥ ላይ የሚጠቀሙበት ኢታን ዳይሜታን ሰልፎኔት የተባለ ኬሚካል አለ፤ አንድ ጊዜ ሲወጋ በጥቂት ቀናት ውስጥ የጎልማሳውን አይጥ ላይዲግ ህዋሳት በሙሉ ይጨርሳል። የኬሚካሉ ዝና ግን ከገዳይነቱ ይልቅ በኋላ በሚሆነው ነገር ላይ የቆመ ነው፤ ሳምንታት ሲያልፉ፣ በደም ሥሮቹ ዙሪያ አርፈው ከተቀመጡ ግንድ ህዋሳት አዲስ ላይዲግ ህዋሳት ይፈጠሩና ቴስቶስትሮኑ ይመለሳል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር እሳት ከነካው በኋላ ከሥሩ የሚያቆጠቁጥ ባሕር ዛፍ ይታየኛል። በሰው ላይ የካንሰር መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ሲስፕላቲን፣ የስፐርምን ዘር እስከማጥፋት ሲደርሱ ላይዲግ ህዋሳት ግን ብዙውን ጊዜ ተርፈው ይታያሉ፤ ቶሎ ቶሎ የማይከፋፈል ህዋስ ለእነዚያ መድኃኒቶች በቀላሉ አይመቻቸውም።

ጥንስሱን መሀል ላይ የማቋረጡ ታሪክ በእኔ ግምት ከሁሉም ይጥማል፤ ምክንያቱም በቋቁቻ መድኃኒት ይጀምራል። ኬቶኮናዞል ለፈንገስ ህዋስ ሽፋን የሚያስፈልገውን ቅባት የሚሠራውን ኤንዛይም እንዲያውክ የተሠራ ነው፤ እኛም ዘንድ በቅባትና በሻምፑ መልክ ለቋቁቻና ለፎረፎር ሲሸጥ ኖሯል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የሚዋጠውን ዓይነት ለረጅም ጊዜ የወሰዱ ወንዶች ጡት ሲያብጥ ሐኪሞች አስተዋሉ። ምክንያቱ ሲጠና ፈንገሱ ውስጥ የሚታወከው ኤንዛይም ዘመዶች በላይዲግ ህዋስ ውስጥም መኖራቸው ታወቀ፤ መድኃኒቱ በተለይ ሲዋይፒ17ኤ1 የተባለውን ይይዘዋል። ጎተራ የሌለው ህዋስ ነውና፣ አንድ ጊዜ በተዋጠ ኪኒን ብቻ በደም ውስጥ ያለው ቴስቶስትሮን በሰዓታት ውስጥ ያሽቆለቁላል፤ መድኃኒቱ ከሰውነት ሲወጣም በማግስቱ ወደ ቦታው ይመለሳል። በራስ ቆዳ ላይ ታሽቶ የሚታጠበው ሻምፑ እዚያ ድረስ አይደርስም፤ ይህን የምጽፈው ነገ ሻምፑውን ይዞ የሚመጣ ደንበኛ እንዳይኖር ነው።

ለአንዱ መርዝ የሆነው ለሌላው ፈውስ ሆነ። ቻርልስ ሃጊንስ የፕሮስቴት ካንሰር ያለበትን ሰው ዘር ፍሬ በቀዶ ጥገና ማውጣት ዕጢውን እንደሚያዳክም በ1941 (እ.ኤ.አ.) አሳይቶ፣ በዚህ ሥራው በ1966 ኖቤል ተሸልሟል። ቢላዋ ሳይነካቸው ምርቱን በኪኒን ማቆም ከተቻለስ? ኬቶኮናዞል በከፍተኛ መጠን፣ 400 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለዚሁ ተሞከረ፤ ሠራም፤ ነገር ግን ጉበትን ይጎዳል፣ ሆድንም ይረብሻል። የለንደን ተመራማሪዎች ያንኑ ኤንዛይም ለይቶ የሚይዝ አቢራቴሮን የሚባል መድኃኒት ነድፈው፣ በ2011 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ፤ በ2019 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። ያው ኤንዛይም ከኩላሊት በላይ ባለው ዕጢ ውስጥ ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞንም ስለሚሠራ፣ አቢራቴሮን የሚሰጠው ያንን ከሚተካው ከፕሬድኒሶሎን ጋር ነው፤ ሁለተኛዋን ኪኒን ትርፍ ናት ብሎ የሚተው ሕመምተኛ ራሱን አደጋ ላይ ይጥላል። የሚዋጠው ኬቶኮናዞል ግን በ2013 በአውሮፓ ከገበያ እንዲታገድ ተመከረ፤ በአሜሪካም አጠቃቀሙ በጥብቅ ተገደበ።

የአጎቴ ስፓይሮኖላክቶን ከሁለት ወገን ይመታል። ከቅርጹ የተነሣ ቴስቶስትሮን ሊቀመጥበት የሚገባውን ተቀባይ ቦታ ይይዝበታል፤ መጠኑ ሲበዛ ደግሞ ላይዲግ ህዋስ ውስጥ ያለውን ጥንስስ ራሱን ያውካል። በእሳቸው መጠን፣ በቀን 25 ሚሊ ግራም፣ ይበልጥ የሚከሰሰው የመጀመሪያው ነው። በወንድ ሰውነት ውስጥ ሁልጊዜም ጥቂት ኢስትሮጅን፣ የሴት ሆርሞን የሚባለው፣ አለ፤ ቴስቶስትሮን ሲዳከም ያ ጥቂቱ ሜዳውን ያገኛል፣ ጡትም ማበጥ ይጀምራል።

ሦስተኛውን መንገድ ያሳየኝ ሌላ ደንበኛ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ የሸሚዙ እጅጌ ለክንዱ የጠበበው ወጣት ባንኮኒው ላይ ተደግፎ፣ "ዶክተር፣ ዘር የሚያበዛ ቫይታሚን ይኖርሃል?" አለኝ። ካገባ አንድ ዓመት ከምናምን ሆኖታል፤ ልጅ አልመጣም፤ ባለቤቱ ተመርምራ ምንም አልተገኘባትም። የምትወስደው መድኃኒት አለ ወይ ስለው ምንም እንደሌለ ማለልኝ። እኔም ቫይታሚኑን ላወርድ ዞሬ ሳለሁ፣ "ጂም የሚሰጡን መርፌ ብቻ" ሲል ጨመረ። ከስልኩ ያሳየኝ የብልቃጥ ፎቶ ላይ ቴስቶስትሮን ኢናንቴት የሚል ተጽፎ ነበር። ዘሩን የሚያመክነው ራሱ መርፌው ሊሆን እንደሚችል ስነግረው እንደተሰደበ ሰው ቀና ብሎ አየኝ፤ "እሱ እኮ የወንድ ሆርሞን ነው፤ እንዴት አድርጎ ወንድን ያመክናል?"

ጥያቄው ፍትሐዊ ነው። አንጎል ቴስቶስትሮኑን ይለካል እንጂ ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም። በመርፌ የገባው ደሙን ሲሞላው፣ ቤቱ ሙሉ ነው ብሎ ትእዛዙን ያቆማል፤ ኤልኤች ይጠፋል፤ ላይዲግ ህዋሳት ሥራ ፈትተው ይሟሽሻሉ፤ ፍሬው ራሱ ያንሳል። በጤነኛ ሰው የዘር ፍሬ ውስጥ ያለው ቴስቶስትሮን በደም ውስጥ ካለው በብዙ አሥር እጥፍ ይበልጣል፣ ስፐርም የሚሠራውም በዚያ ብዛት ነው፤ መርፌው ደሙን ያጥለቀልቃል እንጂ ያንን የውስጥ ክምችት አይተካም። የዓለም ጤና ድርጅት በ1990 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ጥናት ይኸው ኢናንቴት፣ በሳምንት 200 ሚሊ ግራም፣ የወንድ የወሊድ መከላከያ ሆኖ ተሞክሯል። ከ271 ወንዶች በ157ቱ ፈሳሽ ውስጥ አንድም ስፐርም አልተገኘም፤ እነዚያም ሌላ መከላከያ ሳይጠቀሙ ለአንድ ዓመት ሲከታተሏቸው የተፈጠረው እርግዝና አንድ ብቻ ነው። ወጣቱ ልጅ ለመውለድ እየጣረ የወሊድ መከላከያ ይወጋ ነበር ማለት ነው።

ወደ ሐኪም ላክሁት። ከሁለት ሳምንት በኋላ የላቦራቶሪ ወረቀቱን አጣጥፎ በኪሱ ይዞ ተመለሰ፤ ቴስቶስትሮን የሚለው መስመር ከጣሪያው አልፏል፣ ኤልኤች የሚለው ግን ከ0.1 በታች ይላል። ሁለቱን ቁጥሮች በጣቴ ጎን ለጎን ሳሳየው ማብራሪያዬ አላስፈለገውም። መርፌው ሲቆም አንጎል እስኪነቃ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል፤ በዚያ መካከል ሰውነት ከሁለቱም ምንጭ ስለሚደርቅ ድካምና ድብርት ይመጣል፣ ብዙዎቹም ወደ መርፌው የሚመለሱት ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ አቁም ብሎ መላክ ብቻውን ግማሽ ሥራ ነው፤ የሚከታተለው ሐኪም ያስፈልገዋል።

ትእዛዙን ከላይ የሚያስቀሩት ሌሎችም አሉ። ትራማዶልን ጨምሮ የሞርፊን ዘመዶች የሃይፖታላመሱን ምልክት ያፍናሉ፤ ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰው ስንፈተ ወሲብ ቢሰማው ከሕመሙ ብቻ የመጣ አይምሰለው። ሃሎፔሪዶልና ሪስፔሪዶን ፕሮላክቲን በሚባለው ሆርሞን በኩል ዞረው እዚያው ይደርሳሉ። ፕሬድኒሶሎን በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ከላይም ከታችም ይጫናል። አልኮልና ከእሱ የሚወጣው አሴታልዴሃይድ ደግሞ ላይዲግ ህዋስን በቀጥታ ይነካሉ።

ስለ ጫት በየሳምንቱ እጠየቃለሁ፤ አንዱ ጉልበት ይሰጣል ይለኛል፣ ሌላው ያደክማል ይለኛል። የኬንያ ተመራማሪዎች የጫት ጭማቂ በወንድ ጥንቸሎች ላይ ኤልኤችንና ቴስቶስትሮንን ሲቀንስ አይተዋል፤ ከአይጥ የተወሰዱ ላይዲግ ህዋሳትን በመስታወት ዕቃ ውስጥ ሲፈትኑ ደግሞ ብዙው ጭማቂ ምርቱን ሲያፍነው ጥቂቱ አነሣሥቶታል። ተከራካሪዎቹ ሁለቱም ደስ ሊላቸው ይችል ይሆናል፤ እኔ ግን ከጥንቸልና ከመስታወት ዕቃ ተነሥቼ ለሰው የመጠን ምክር አልሰጥም።

የበለጠ ያሳሰበኝ ያለ ማዘዣ በእጄ የሚያልፈው አይቡፕሮፌን ነው። በ2018 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት 31 ወጣት ወንዶችን ከፍሎ፣ ለከፊሎቹ 600 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለስድስት ሳምንት ሰጣቸው። ቴስቶስትሮናቸው አልወረደም። ነገር ግን ኤልኤቻቸው ከፍ አለ፤ ማለትም ላይዲግ ህዋሳት ያንኑ መጠን ለማምረት ከበፊቱ የበለጠ ጉትጎታ አስፈልጓቸዋል። የደከመ በሬ ያንኑ ትልም የሚያርሰው ጅራፉ ሲበረታበት ነው፤ ትልሙን ብቻ ያየ ሰው ድካሙን አያውቅም። ይህ ለራስ ምታት አንድ ኪኒን የዋጠውን ሰው የሚያስፈራ አይደለም። ለወገብ ሕመም ብሎ በየወሩ ሙሉ ፓኬት የሚወስደውን ደንበኛዬን ግን አሁን ዝም ብዬ አላሳልፈውም።

አጎቴን በዚያው ቀን ይዣቸው ወደ ሐኪማቸው ሄድን። ሐኪሙ ደረታቸውን በጥንቃቄ ዳስሶ፣ ምርመራ አዝዞ፣ መጥፎ ነገር አለመሆኑን ካረጋገጠ በኋላ መድኃኒቱን በሌላ ቀየረላቸው። የእግራቸው እብጠት በቀናት ውስጥ ሟሸሸ፤ የጡታቸው ሕመም ለመጥፋት ሁለት ወር ያህል፣ እብጠቱ ደግሞ ከዚያ በላይ ወሰደ። ቶሎ በመምጣታቸው ዕድለኛ ናቸው፤ እንዲህ ያለው እብጠት ዓመት ካለፈው ወደ ጠባሳ ሥጋ ተለውጦ በቀዶ ጥገና ካልሆነ አይወጣም።

ባለፈው ቅዳሜ እንደ ወትሯቸው ከሰዓት በኋላ መጡ፤ ያለ ጋቢ፣ በስስ ሸሚዝ። ብቻቸውን አልነበሩም። ጉበታቸውን እየታከሙ ያሉ የዕድር ወዳጃቸው ከኋላቸው ቆመዋል፤ ትከሻቸው ላይ ወፍራም ጋቢ ደርበው፣ ሁለቱን ጫፎች ደረታቸው ላይ ጨብጠው ይዘዋል። አጎቴ ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ "ልጄ፣ ለእኔ የነገርከኝን ለእሳቸውም ንገርልኝ፤ እኔ ጀምሬላቸው ነበር፣ አላመኑኝም።" ደጁን ገርበብ አደረግሁና ወንበሯን ሳብኩላቸው።